ስለማያመው እግር

ሰው ሕመምን እንደ ጠላት ስለሚቈጥረው፥ ያላመመውን የሰውነቱን ክፍል ሁሉ ጤናማ ነው ብሎ ይተወዋል። ጥርሱ የነዘነዘው ሰው በሌሊት ተነሥቶ ሐኪም ይፈልጋል፤ ሆዱን የቈረጠው ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል፤ እግሩ ምንም የማይለው ሰው ግን ስለ እግሩ አያስብም። ይህም በብዙው ነገር ትክክል ነው። ነገር ግን ዝምታው ከጤና የመጣ ሳይሆን፥ የእግሩን አቤቱታ ወደ አንጎል የሚያደርሰው መልእክተኛ ከመሞቱ የተነሣ እንደ ሆነ፥ ያ ዝም ያለ እግር ከሚያመው እግር ይልቅ አስጊ ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ስለማያመው እግር ነው።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን ባለፈው ዓመት በሞጆ ያየነው ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት፤ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው በአንድ ወገን፥ ወደ መቂ፥ ወደ ዝዋይና ወደ ሐዋሳ የሚወርደው በሌላ ወገን ከዚያ ይነሣል። ደረቁ ወደብም በዚያ ስለሚገኝ ከባድ መኪና ሲገባና ሲወጣ ውሎ ያድራል። በዚች ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን በጡረታ የተቀመጡ አንድ ዘመዳችን አሉ። የስኳር በሽታ ከያዛቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንድ ቀን ማታ በግቢያቸው ተቀምጠን ስንጫወት ጫማቸውን ቢያወልቁ፥ ከቀኙ ጫማ ውስጥ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ወደቀ። ካልሲያቸውም በደም ርሶ ነበር።

«ጋሼ፥ ይህ መቼ ገባ?» ብንላቸው፥

«እኔ ምኑን ዐውቄ፤ ጧት ከቤት ስወጣ ይሆናል» አሉ።

«አላመመዎትም?»

«ኧረ ምንም! እግሬ እኮ ደኅና ነው ወንድሜ፤ የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ነው።»

በዚያ ቀን ገበያ ወጥተዋል፤ ዕድር ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ደርሰዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ጥርስ ያለው ቆርኪ ውስጥ እግራቸውን ሲበላ ውሏል። እኛንም ያስደነገጠን ቍስሉ ብቻ አይደለም፤ «እግሬ ደኅና ነው» ያሉበት ልበ ሙሉነት ነው እንጂ።

በሰውነታችን ውስጥ ስሜትን ከዳር ወደ አንጎል፥ ትእዛዝንም ከአንጎል ወደ ዳር የሚያመላልሱ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ሐኪሞች ነርቭ ይሏቸዋል፤ ሕዝቡ ግን ከጅማትና ከደም ሥር ጋራ እያደባለቀ «ሥሬን ያዘኝ» ሲል ኖሯል። ከእነዚህ ክሮች ረጅሙ ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው ሲሆን፥ በረጅም ሰው ላይ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ረጅም ሽቦ ከአጭሩ ይልቅ ለመበጠስ እንደሚቀርብ ሁሉ፥ ነርቭን ሁሉ የሚጐዳ በሽታ ሲነሣ አስቀድሞ የሚከዳው ይህ ረጅሙ ነው። ስለዚህ የስኳር በሽታ ጕዳት በሁለቱም እግሮች ጣቶች ላይ ይጀምራል፤ ከዚያም ካልሲ እንደሚሳብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉልበት ሲደርስ የእጅ ጣቶችም መደንዘዝ ይጀምራሉ።

ነርቭ በእግር ላይ ያለው ሥራ ስሜት ብቻ አይደለም። ጡንቻን ያዝዛል፤ ላብንም ያወጣል። ላብ ያጣ ቈዳ ይደርቃል፥ ተረከዝም ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ተውሳክ ይገባል። ትእዛዝ ያጡት ትንንሽ ጡንቻዎች ሲሰንፉ ጣቶች እንደ ጥፍራም ወፍ እግር ይቈለመማሉ፤ የሰውነት ክብደትም ቀድሞ ባልነበረበት ቦታ፥ ይልቁንም ከጣቶች ሥር ባለው አጥንት ላይ ይወድቃል። በዚያ ቦታ ቈዳው ይደድራል፤ ከደደረው ቈዳ በታችም ሥጋው ይደቃል። ስሜት ቢኖር ባለቤቱ ያነክስ ነበር። ማንከስም ራሱ መድኃኒት ነው፤ የቈሰለውን ቦታ ያሳርፋልና። የደነዘዘ እግር ያለው ሰው ግን አያነክስም፤ በቍስሉ ላይ ቀጥ ብሎ ይራመዳል።

ይህን ዕውቀት አገራችን በብዙ ዋጋ የገዛችው ከስኳር ሕሙማን ሳይሆን ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። የሥጋ ደዌን ጀርም የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1873 ካገኘው በኋላ እንኳ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሰው ሁሉ፥ ከሐኪሞችም ብዙዎቹ፥ በሽታው ጣትንና እግርን እየበላ የሚጨርስ ይመስላቸው ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጀርሙ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚስማማው ለቈዳ የቀረቡትን ነርቮች ያጠቃል፤ ከእነዚህም አንዱ በቍርጭምጭሚት በስተውስጥ በኩል አልፎ ወደ ውስጥ እግር የሚሄደው ነው። ነርቩ ሲሞት ውስጥ እግር ይደነዝዛል፤ የደነዘዘውን እግር የሚጨርሰው እሾህ፥ ጠጠር፥ እሳትና መንገድ ነው። በህንድ አገር በቬሎር ከተማ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ይህን በሥራቸው አስረዱ፤ ጕዳቱ ከሕመም ማጣት የሚመጣ መሆኑን፥ ጥንቃቄና ተስማሚ ጫማ ካገኘም ብዙው እንደሚድን አሳዩ።

በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሰፈር በ1965 አለርት ሲቋቋም ከደከሙት ሐኪሞች አንዱ እኒሁ ብራንድ ነበሩ። በዚያ ከሕክምናው ጋራ የጫማ መሥሪያ ክፍል አብሮ ተቋቋመ፤ ከመላው አፍሪካ የመጡ ሐኪሞችም ተማሩበት። ብራንድ ከዚያ ዘመን በኋላ በአሜሪካ አገር በሉዊዚያና፥ ካርቪል በሚባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሠሩ፥ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን የተማሩትን ለስኳር ሕሙማን እግር አዋሉት። ዛሬ በየአገሩ የስኳር ሕሙማን እግር የሚፈተንበት፥ ሲጐብጥ 10 ግራም የሚመዝን ጫና የሚያሳርፈው የናይለን ክር እንኳ ከዚያ ቤት ሥራ የወጣ ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲሸሻቸው የኖሩት ሕሙማን ዛሬ በከተማ መኪና ለሚነዳው፥ በቢሮ ለሚቀመጠውና በሱቅ ለሚነግደው ስኳር በሽተኛ መምህራን ሆነዋል።

ከዚህም በላይ የሚያስገርመን አንድ ነገር አለ። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አለርት በሥሩ ባሉት ወረዳዎች የሥጋ ደዌ ሕሙማን ራሳቸውን የሚረዱበትን ማኅበር አስጀመረ። ሕሙማኑ በየጊዜው ይሰበሰባሉ፤ አንዱ የሌላውን እግር ያያል፤ ቍስሉ ለምን እንደ መጣ በጋራ ይመረምራሉ። እግራቸውን በንጹሕ ውኃ ይዘፈዝፋሉ፥ የደደረውን በለስላሳ ድንጋይ ያሻሉ፥ ውኃው ሳይደርቅ ቅባት ይቀባሉ፥ ቍስሉን ይሸፍናሉ። ለዚህ ሐኪም በየቀኑ አያስፈልግም፤ የተወደደ መድኃኒትም አያስፈልግም። የብዙዎቹ ቍስል ቀነሰ፤ ከቍስሉ ጋራ ሽታው ስለ ጠፋም ወደ ሰው መሐል ለመግባት ድፍረት አገኙ።

ሥጋ ደዌ ከአገራችን ፈጽሞ የጠፋ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። መድኃኒቱ እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወር የሚወሰድ ሲሆን ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ነርቩ ከተጐዳ 6 ወር ሳይሞላው የታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት ስሜቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በገላው ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየ ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ይታይ።

የስኳር በሽታው ነገር ግን ከዚህ የሚለይበት አለ፤ የጠፋው ስሜት ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በስኳር በሽታ ረጅም ዘመን ከኖሩት ግማሽ ያህሉ ነርቫቸው ይጐዳል። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ነርቩን ራሱንም፥ ነርቩን የሚመግቡትን ደቃቅ የደም ሥሮችም ያበላሻል። በአሜሪካና በካናዳ ተደርጎ በ1993 ውጤቱ በተገለጠው ትልቅ ጥናት፥ ከልጅነት ወይም ከጐልማሳነት ጀምሮ በኢንሱሊን የሚኖሩት ሕሙማን ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቈጣጠሩ የነርቭ ጕዳቱ በ60 በመቶ ያህል ቀንሷል። በዕድሜ ለሚመጣው ዓይነት የስኳሩ ቍጥጥር ብቻውን ይህን ያህል አይረዳም፤ ሲጋራ መተው፥ የደም ግፊትን መቈጣጠርና ክብደት መቀነስም ይጨመርበታል። ከስኳር ሕሙማን እግር ከሚቈረጠው 85 በመቶ ያህሉ አስቀድሞ ትንሽ ቍስል የነበረበት ነው። ቍስሉ የተናቀበት ቀን አለ ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ግን እንደ ዘመዳችን በዝምታ አይጀምርም። አንዳንዱን ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ያቃጥለዋል፤ አንዳንዱን እንደ ጉንዳን ይወረዋል፥ ወይም እንደ መርፌ ይወጋዋል፤ አንሶላ ሲነካው የሚጮኽም አለ፤ በጥጥ ላይ የሚራመድ የሚመስለውም አለ። ይህን ሕመም የሚያስታግሡ እንደ አሚትሪፕቲሊን፥ ጋባፔንቲንና ዱሎክሴቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪም አይቶ ያዝዛቸዋል። ነገር ግን ሕመሙን ያስታግሣሉ እንጂ ነርቩን አያድሱም። ማቃጠሉም ቀስ በቀስ በራሱ ሲተው፥ ሰውየው ዳንሁ ብሎ ይደሰታል። ብዙ ጊዜ ግን የዳነ ሳይሆን የደነዘዘ ነው።

የደነዘዘ እግር ሁሉ ከስኳር የመጣ ነው ማለታችን አይደለም። አረቄ ለብዙ ዓመት ያለ ልክ የሚጠጣ ሰው ነርቩ ይጐዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ6 ካልተጨመረበት እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል። ስኳር በሽተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚንም በዘመን ብዛት ቫይታሚን ቢ12ን ስለሚያሳንስ፥ ሐኪሙ ይህንን ሳይመረምር «የስኳሩ ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም። ለሞጆና ለአዲስ አበባ ጫማ ሠሪዎች ደግሞ የምንነግራቸው ነገር አለ። በአንዳንድ ማስቲሽ ውስጥ ሄክሴን የሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ይገኛል። በ1960ዎቹ ዓመታት በጃፓን ነጠላ ጫማ በሚያጣብቁ ሠራተኞች ላይ፥ በኢጣልያም በጫማ ሠሪዎች ላይ፥ በዚህ ትነት ምክንያት እግርና እጅ እየደነዘዘ ሲሰንፍ ታይቷል። በዝግ ክፍል ማስቲሽ ሲቀባ የሚውል ወጣት መስኮቱን ይክፈት፤ እግሩን የወረረው እንደ ሆነም ሥራውን ለሐኪም ይንገር። በዚያው አካባቢ በወንጂ የቀድሞ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታየው የእግር መተሳሰር ግን ሌላ ነው፤ ፍሎራይድ ከበዛበት የጕድጓድ ውኃ የተነሣ የጀርባ አጥንት እየወፈረ ነርቭን ሲጫን የሚመጣ ነው። በስኳር ፋብሪካ አጠገብ ቢገኝም ከስኳር በሽታ ጋራ ዝምድና የለውም።

እንግዲህ ስሜት የጠፋበትን እግር ምን ይጠብቀው? ነርቩ የተወውን ሥራ ዓይን ይሠራው ዘንድ ያስፈልጋል። ይህም ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ድሮ መንገደኛ ማታ ከቤት ሲደርስ የቤቱ ልጅ በገበቴ ውኃ አቅርቦ እግሩን ያጥብ ነበር። ውኃው ለብ ያለ መሆኑን ልጁ በእጁ ይሞክራል፤ እሾህ የወጋውን እግር የሚያጥብ ልጅም እሾሁን ሳያገኝ አይነሣም። በቤተ ክርስቲያን የጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ይህንኑ ልማድ በየዓመቱ ያሳስበናል፤ እስላሙ ወገናችንም ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ያጥባል። ገበቴው በሳፋ ተተክቷል፤ እግር የሚያጥብ ልጅም ከብዙ ቤት ጠፍቷል። የስኳር በሽተኛ ባለበት ቤት ግን ይህ ልማድ ቢመለስ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል እንላለን።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን በሽተኛው በእግሩ አይሞክር፤ ሌላ ሰው በእጁ ወይም በክርኑ ይሞክርለት። የሥጋ ደዌ ሕሙማን የደረቀ እግራቸውን ይዘፈዝፋሉ ብለናል፤ ስኳር በሽተኛ ግን ታጥቦ ይነሣ እንጂ ለረጅም ጊዜ አይዘፍዝፍ፤ ቈዳው ርሶ ይላላልና። በጣቶች መሐል በደንብ ይድረቅ። ለደረቀው ተረከዝ ቫዝሊን ይቀባ፤ በጣቶች መሐል ግን አይቀባ። ከዚያ ውስጥ እግሩ ይታይ፤ ጐንበስ ማለት ያቃተው ሰው መስተዋት መሬት ላይ አኑሮ ይይ። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቈረጥ። የደደረውን ቈዳ በምላጭ መላጨት፥ ማቃጠል፥ ወይም የኮርን መድኃኒት መለጠፍ ክልክል ነው። እግሬ በረደኝ ብሎ ወደ ፍም መጠጋትም እንዲሁ፤ ብርዱ የነርቩ ውሸት ሲሆን እሳቱ ግን እውነተኛ ነው።

ቍስል፥ ውኃ የቋጠረ ቦታ፥ ወይም የጠቈረ ጣት የታየ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። አንዱ እግር ያለ ሕመም ቀልቶ፥ ሞቆና አብጦ ቢገኝም ወለምታ ነው ተብሎ አይታሽ፤ ውስጡ አጥንት እየተሰባበረ ሊሆን ይችላልና፥ ከመራመድ ተቈጥቦ በፍጥነት መታየት አለበት። ዛሬም መሪ የሚይዝ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ ፍሬኑን መርገጡንና አለመርገጡን እግሩ ካልነገረው፥ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የመንገደኛውም ነፍስ በዚያ እግር ላይ ነው።

ስለ ጫማ ስናስብ የሞጆ ነገር ያሳዝነናል። ሞጆ የቈዳ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ የበግና የፍየል ቈዳችን በዚያ ለፍቶ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። በዚያችው ከተማ የደነዘዘ እግር ያለው ሰው ለእግሩ የሚስማማ ጫማ በገበያ ፈልጎ አያገኝም። የሚፈለገውም የተራቀቀ ነገር አይደለም፤ ፊቱ ሰፊ፥ ውስጡ ለስላሳና ስፌት የማይጐረብጠው፥ ሶሉ ወፍራም፥ በማሰሪያ የሚጠብቅና የሚላላ ጫማ ነው። አለርት ይህን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲሠራ ኖሯል። በሞጆና በአዳማ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ጫማ ሰፊዎች ቢሠለጥኑ፥ ወጪው ለተቈረጡት እግሮች ከሚወጣው ሁሉ ያነሰ እንደሚሆን አንጠራጠርም። እስከዚያው ግን አዲስ ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩ አበጥ በሚልበት በማታ ይግዛ፤ መጀመሪያም በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ያድርገው፤ ጧት ጧትም ጫማውን ገልብጦ ሳያራግፍ፥ እጁንም አስገብቶ ሳይዳስስ እግሩን አያስገባ።

በቤትም ቢሆን ባዶ እግር መሄድ የለም። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጫማ ማውለቅ ግድ ስለሆነ፥ እንዲህ ያለው ሰው ወፍራም ንጹሕ ካልሲ አጥልቆ ይግባ፤ በቀትር ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይም አይቁም። በሐምሌና በታኅሣሥ ለቍልቢ ገብርኤል በዚያ መንገድ በእግራቸው የሚሄዱ ስእለተኞች አሉ። ከእነርሱ መካከል ስኳር በሽታ ያለበት በባዶ እግሩ ከመነሣቱ በፊት የንስሐ አባቱን ቢያማክር፥ ስእለቱን በሌላ መንገድ የሚፈጽምበትን ያገኛል ብለን እናምናለን።

ከሐኪም ቤቶችም የምንለምነው አንድ ነገር አለን። በስንት ቦታ በሽተኛው ስኳሩ ይለካል፥ መድኃኒቱ ይጻፍለታል፥ ከዚያም ጫማውን እንዳጠለቀ ይሸኛል! «ጫማዎን ያውልቁ» ማለት ገንዘብ አያስወጣም። የናይለኑ ክር ባይኖር እንኳ በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያወጡት፥ በማንም ቤት የሚደረግ ፈተና አለ። በሽተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላ ሰው በጣቱ ጫፍ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፥ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት አንድ በአንድ፥ ሳይጫንና ሳያሻሽ አንድ ሁለት ሰኮንድ ይነካል፤ በሽተኛውም ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይላል። ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ያላወቀ እንደ ሆነ እግሩ ስሜት ማጣት ጀምሯል ማለት ነው።

የዘመዳችን ቍስል እስኪድን ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በሁለቱ ወር ከሁሉ የከበዳቸው መድኃኒቱ ሳይሆን፥ ምንም በማያማቸው እግር ምክንያት ከዕድርና ከለቅሶ ቀርቶ መቀመጡ ነበር፤ «ሰው ሰነፈ ይለኛል» እያሉ ያዝኑ ነበር። ዘንድሮ ስንጠይቃቸው ማታ እግራቸውን ታጥበው ጨርሰው አገኘናቸው። የልጅ ልጃቸው ፎጣውን ይዛ ከፊታቸው ቍጢጥ ብላለች። «አባባ፥ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ እንዳያዩ!» እያለች ጣቶቻቸውን በየተራ ነካች። እርሳቸውም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፥ ሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነው ይጠብቁ ነበር። ከስድስቱ ሁለቱን ዐወቁ። ልጅቱም ቍጥሩን በደብተርዋ ላይ ከትናንቱ በታች ጻፈች፤ ቀጥላም የነገውን ጫማ ገልብጣ አራገፈች።